የእጅ ጌም መሣሪያ ሲገዛ፦ በካርቶኑ ላይ የማይጻፈው ዋጋ

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ «ስዊች 2» የተሰኘውን በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2025 ለገበያ ሲያቀርብ፣ በአራት ቀናት ውስጥ ብቻ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። በአሜሪካ የወጣለት ዋጋ 449.99 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው ስዊች በ2017 ሲወጣ 299.99 ዶላር ስለነበር፣ ተተኪው የቀድሞውን ዋጋ ግማሽ ያህል ጨምሮ መምጣቱ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያልተለመደ ነገር ሆነ። ኩባንያው ስምንት ዓመት የሞላውን አሮጌውን ስዊች ጭምር በአሜሪካ ወደ 339.99 ዶላር ከፍ አደረገው። ኤሌክትሮኒክስ ሲቆይ ይረክሳል የሚለው እምነት በዚህ ገበያ አልሠራም።

ኒንቴንዶ ዛሬ በዚህ ገበያ ብቻውን አይደለም። የአሜሪካው ቫልቭ «ስቲም ዴክ»ን ይዞ ቀርቧል። የታይዋኑ አሱስ ከማይክሮሶፍት ጋር በመተባበር በኦክቶበር 2025 ሁለት «ኤክስቦክስ አላይ» መሣሪያዎችን አውጥቷል፤ አንዱ 599.99፣ ሌላው 999.99 ዶላር። የቻይናው ሌኖቮ «ሌጂየን ጎ»ን ይሸጣል። ሶኒም በ199.99 ዶላር የጀመረ «ፕሌይስቴሽን ፖርታል» የተባለ መሣሪያ አለው። ሁሉም መሀሉ ላይ ስክሪን፣ ግራና ቀኙ ላይ መቆጣጠሪያ ያላቸው ናቸውና ለማያውቃቸው ሰው መንታ ይመስላሉ። ሲወጡ የነበራቸው ዋጋ ግን ከ200 እስከ 1000 ዶላር ይለያይ ነበር።

ልጁ «ግዛልኝ» ያለው ወላጅ፣ ወይም ከበረሃ አገር ለወንድሟ ስጦታ ለመላክ ገንዘብ የምታጠራቅም እህት፣ ከእነዚህ መካከል እንዴት ይመርጣሉ? ብዙ ሰው የሚያወዳድረው በመደብሩ የተለጠፈውን ዋጋ ነው። ያ ዋጋ ግን የመጀመሪያው ክፍያ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ጨዋታዎቹ፣ ወርኃዊ ክፍያው፣ ሜሞሪ ካርዱ፣ ኢንተርኔቱና ጥገናው ሲደመሩ ርካሹ ውድ፣ ውዱም ርካሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ከ1989 የተገኘ ትምህርት

ይህ እውነት አዲስ አይደለም። ኒንቴንዶ በ1989 «ጌም ቦይ»ን ሲያወጣ ስክሪኑ ቀለም አልባ፣ የውስጥ መብራት የሌለውና አረንጓዴ ቢጤ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የአታሪ «ሊንክስ» እና ከዓመት በኋላ የተከተለው የሴጋ «ጌም ጊር» ግን ባለ ቀለምና ብርሃን ያላቸው ነበሩ። ጎን ለጎን ሲታዩ ጌም ቦይ የሚያሸንፍ አይመስልም ነበር።

ልዩነቱ የታየው በባትሪው ላይ ነው። ጌም ጊር ስድስት የድንጋይ ባትሪዎች ጎርሶ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያህል ይሠራ ነበር። ጌም ቦይ በአራት ባትሪዎች ከአሥር ሰዓት በላይ ይቆይ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ለመጫወት አንደኛው አሥራ ስምንት ያህል ባትሪ ሲፈጅ፣ ሌላው በአራት ይበቃዋል። የመሸጫ ዋጋውም ያግዘው ነበር፤ ጌም ቦይ በአሜሪካ 90 ዶላር ገደማ፣ ጌም ጊር 150 ዶላር ገደማ ይሸጡ ነበር። የባትሪውን ወጪ በየሳምንቱ የሚከፍሉት ወላጆች ፍርዳቸውን ሰጡ። ጌም ቦይና ባለ ቀለሙ ተከታዩ በአንድነት ከ118 ሚሊዮን በላይ ሲሸጡ፣ ጌም ጊር በአሥር ሚሊዮን አካባቢ ቀረ።

የጌም ቦይ መሪ ንድፍ አውጪ ጉንፔ ዮኮይ በአንድ መርህ ይታወቃሉ። አዲስና ውድ ቴክኖሎጂን ከማሳደድ ይልቅ፣ የበሰለና የረከሰ ቴክኖሎጂን በአዲስ መንገድ መጠቀም ይሻላል የሚል ነው። መርሁ ለገዢም ይሠራል። ጠንካራው መሣሪያ ሁልጊዜ ጠቃሚው አይደለም።

ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ትምህርት ተደግሟል። ሶኒ በ2012 «ቪታ» የተባለውን መሣሪያ በአሜሪካ ሲያወጣ መነሻ ዋጋው 249.99 ዶላር ነበር። ነገር ግን መሣሪያው የሚቀበለው ሶኒ ራሱ የሠራውን ሜሞሪ ካርድ ብቻ ስለነበር፣ ባለ 32 ጊጋባይቱ ካርድ ለብቻው 99.99 ዶላር ያስወጣ ነበር። መሣሪያውን ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው የዋጋውን ሁለት አምስተኛ ያህል ለአንዲት ጥፍር ለምታህል ካርድ ይጨምር ነበር ማለት ነው።

አራት የተለያዩ ነገሮች

መልካቸው ቢመሳሰልም ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በአሠራር አራት ወገን ናቸው።

አንደኛው ወገን የኒንቴንዶ ነው። መሣሪያውም፣ መደብሩም፣ ታዋቂዎቹ ጨዋታዎችም የአንድ ኩባንያ ናቸው። ማሪዮ፣ ዜልዳና ፖኬሞን በሌላ ተፎካካሪ መሣሪያ ላይ በሕጋዊ መንገድ አይገኙም። ልጁ የሚፈልገው እነርሱን ከሆነ ምርጫው እዚያው ላይ ያበቃል።

ሁለተኛው ስቲም ዴክ ነው። ይህ በእጅ እንዲያዝ ሆኖ የተሠራ ኮምፒውተር ነው። የሚሠራው በሊኑክስ ላይ በተመሠረተ ሥርዓት ሲሆን፣ ለዊንዶውስ የተጻፉ ጨዋታዎችን «ፕሮቶን» በተባለ አስተርጓሚ ፕሮግራም አማካይነት ያስኬዳል። በኮምፒውተር ላይ ስቲም ከሚባለው መደብር ጨዋታ ሲገዛ የኖረ ሰው አብዛኞቹን ዳግም ሳይከፍል እዚህ ያገኛቸዋል።

ሦስተኛው ወገን የአሱስና የሌኖቮ ዓይነት፣ በአብዛኛው ዊንዶውስ የሚጠቀም ኮምፒውተር ነው። ከማንኛውም የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር ጋር ይግባባል። በዚያው ልክ የዊንዶውስን ዝመናና ውስብስብነት ይዞ ይመጣል።

አራተኛው ፕሌይስቴሽን ፖርታል ነው። ይህ መሣሪያ ጨዋታውን ራሱ አያስኬድም። ጨዋታው የሚሠራው በቤት ባለው ፕሌይስቴሽን 5 ወይም በሶኒ የመረጃ ማዕከል ነው፤ ፖርታል የሚያደርገው ምስሉን በዋይፋይ መቀበልና የተጫዋቹን ትእዛዝ መላክ ነው። ዋይፋይ ከሌለ ፖርታል ስምንት ኢንች ስፋት ያለው ጥቁር ብርጭቆ ነው።

አንድ ምሳሌ የልዩነቱን ክብደት ያሳያል። ብዙ ታዳጊዎች የሚፈልጉት «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ» የተባለውን፣ ቀድሞ ፊፋ ይባል የነበረውን የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። የቅርብ ዓመታት እትሞቹ ማጭበርበርን ለመከላከል የሚጠቀሙበት ፕሮግራም ከሊኑክስ ጋር ስለማይሠራ፣ ስቲም ዴክ ከነሥርዓቱ አያስኬዳቸውም። ፎርትናይትም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ግን በኒንቴንዶ መሣሪያዎችና በዊንዶውስ ላይ ይሠራሉ። 550 ዶላር ከፍሎ ስቲም ዴክ የገዛ አባት ልጁ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው ያንኑ አንድ ጨዋታ መሆኑን የሚያውቀው ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ ከሆነ፣ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ባትሪው፣ ስክሪኑና ክብደቱ

የመሣሪያዎቹ ማስታወቂያ ስለ ፍጥነትና ስለ ምስል ጥራት ብዙ ይናገራል። እነዚህ ሁለቱ ግን የሚከፈላቸው ከባትሪው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የባትሪው አቅም በዋት-ሰዓት ይለካል፤ መሣሪያው የሚፈጀው ኃይል በዋት። አንደኛው ለሌላው ሲካፈል ሰዓቱ ይገኛል። ባለ ኦሌድ ስክሪኑ ስቲም ዴክ 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ አለው። ከባድ ጨዋታ 20 ዋት ቢያስፈጀው ሁለት ሰዓት ተኩል ይቆያል። ቀላል ጨዋታ 10 ዋት ቢወስድበት አምስት ሰዓት ይሄዳል። ቫልቭ ራሱ ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት የሚል ሰፊ ግምት የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው። ኒንቴንዶም ለስዊች 2 ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይላል።

ስክሪኑ በዚህ ስሌት ውስጥ ትልቅ ድርሻ አለው። የስቲም ዴክ ስክሪን 1280 በ800 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ሲባዛ አንድ ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። የስዊች 2 እና የኤክስቦክስ አላይ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፤ ይህም ሁለት ሚሊዮን ገደማ፣ ማለትም እጥፍ ነው። መሣሪያው እያንዳንዷን ነጥብ በሰከንድ በርካታ ጊዜ አስልቶ መቀባት ስላለበት፣ ነጥብ ሲበዛ ሥራም ሙቀትም የባትሪ ፍጆታም ይበዛል። ስዊች 2 ይህን ጫና ለማቃለል የኢንቪዲያ ቴክኖሎጂን ይጠቀማል። ምስሉ በዝቅተኛ ጥራት ይሠራና የሰው ሠራሽ አስተውሎት ስልት የጎደሉትን ነጥቦች ይሞላቸዋል። በሰባት ኢንች አካባቢ ስክሪን ላይ የነጥብ ብዛት ልዩነቱን ዓይን ሁልጊዜ አይለየውም፤ ባትሪው ግን ሁልጊዜ ይለየዋል።

ክብደትም ሊዘነጋ አይገባም። ትንሹ ስዊች ላይት 275 ግራም ነው። ስዊች 2 ከነመቆጣጠሪያው 534 ግራም፣ ስቲም ዴክ ኦሌድ 640 ግራም፣ ውዱ ኤክስቦክስ አላይ 715 ግራም፣ የመጀመሪያው ሌጂየን ጎ 854 ግራም ይመዝናሉ። ለአዋቂ ኢምንት የሚመስለው ይህ ልዩነት ለስምንት ዓመት ሕፃን እጅ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው።

የሊቲየም ባትሪ ዕድሜ ደግሞ በሙቀት ያጥራል። ኒንቴንዶ መሣሪያዎቹ ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቦታ እንዲሠራባቸው ይመክራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ የሚኖር ሰው መሣሪያውን በቆመ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ የባትሪውን ዓመታት በሰዓታት መመንዘር መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። ስዊች 2፣ ስቲም ዴክና የአሱስ መሣሪያዎች ባትሪው ጢም ብሎ ከመሙላቱ በፊት ቻርጁን የሚያስቆም ማስተካከያ ስላላቸው፣ ከሶኬት ሳይነቀል ለሚጫወት ሰው ይህን ማብራት ዋጋ የማያስከፍል ጥቅም ነው።

ጨዋታውን የገዛው ማነው?

መሣሪያው የሚገዛው አንድ ጊዜ ነው፤ ጨዋታው ግን በየጊዜው ይገዛል። የወጪው ትልቁ ልዩነት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

የኒንቴንዶ የራሱ ጨዋታዎች ዋጋቸው በቀላሉ አይወርድም። ከስዊች 2 ጋር የወጣው «ማሪዮ ካርት ወርልድ» በአሜሪካ 79.99 ዶላር ተተምኗል። በአንጻሩ የስቲም መደብር በዓመት ውስጥ በተደጋጋሚ ቅናሽ ያደርጋል፤ ሁለትና ሦስት ዓመት የቆየ ትልቅ ጨዋታ በግማሽ ዋጋና ከዚያም በታች ማግኘት የተለመደ ነው። ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ ለመጫወት ስቲም ራሱ ክፍያ አይጠይቅም፤ ኒንቴንዶ በዓመት 19.99 ዶላር፣ እስከ ስምንት ሰው ለሚይዘው የቤተሰብ ጥቅል ደግሞ 34.99 ዶላር ይጠይቃል። ብዙ ልጆች ላሉበት ቤት የቤተሰቡ ጥቅል በነፍስ ወከፍ ሲካፈል እጅግ ቀላል ነው።

ኒንቴንዶ ግን ሌሎቹ ያጡት አንድ ጥቅም አለው፤ ይኸውም በእጅ የሚዳሰስ የጨዋታ ካርድ ነው። ካርድ ለወንድም ይሰጣል፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ይለዋወጣል፣ ተጫውተው ሲጨርሱት ይሸጣል። በስቲም የተገዛ ጨዋታ አይሸጥም፤ ምንም እንኳ ስድስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ጨዋታዎቹን በጋራ እንዲጠቀም ቢፈቅድም። እዚህ ላይ ለስዊች 2 ገዢ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ አዳዲስ ካርዶች ጨዋታውን በውስጣቸው አልያዙም፤ ከኢንተርኔት ለማውረድ የሚያስችል ቁልፍ ብቻ ናቸው። በማሸጊያው ፊት ለፊት ይጻፋልና ማንበብ ይገባል። ጨዋታዎቹ ቦታ ሲያጡም ተራ ሜሞሪ ካርድ አይሠራም። ስዊች 2 የሚቀበለው «ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ» የተባለውን ፈጣን ካርድ ብቻ ሲሆን፣ ባለ 256 ጊጋባይቱ ሲወጣ 60 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ስቲም ዴክ በተራው ካርድ ይሠራል።

በኢንተርኔት የተገዛ ጨዋታ የገዢው ንብረት ነውን? ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የካሊፎርኒያ ሕግ ሻጮች የሚሸጡት የመጠቀም ፈቃድ እንጂ ባለቤትነት አለመሆኑን በግልጽ እንዲናገሩ ያስገድዳል። ነገሩ የሕግ ቋንቋ ብቻ አይደለም። ኒንቴንዶ በማርች 2023 «3ዲኤስ» ለተባለው የቀድሞ መሣሪያው የነበረውን የኢንተርኔት መደብር ሽያጭ ዘግቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በካርድ ያልወጡ ጨዋታዎችን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ማግኘት አልተቻለም።

የሦስት ዓመት ሂሳብ

የሚከተለው ስሌት ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው። በ2025 መጨረሻ በአሜሪካ የነበረውን ዋጋ በማጠጋጋት ይወስዳል፤ የሽያጭ ግብር አልተጨመረበትም። ገዢው በሦስት ዓመት ስድስት ጨዋታዎች ይገዛል እንበል።

ስዊች 2፦ መሣሪያው 450 ዶላር፣ የሦስት ዓመት የኢንተርኔት ክፍያ 60፣ በአማካይ 70 ዶላር የሚያወጡ ስድስት ጨዋታዎች 420። ድምሩ 930 ዶላር። ከጨዋታዎቹ ሦስቱ በካርድ ተገዝተው እያንዳንዳቸው በ35 ዶላር ቢሸጡ ወደ 825 ይወርዳል።

ስቲም ዴክ ኦሌድ ባለ 512 ጊጋባይት፦ መሣሪያው 550፣ በቅናሽ ወቅት በ20 ዶላር የተገዙ ስድስት ጨዋታዎች 120። ድምሩ 670 ዶላር። በመደብሩ መስኮት መቶ ዶላር የሚበልጠው መሣሪያ በሦስት ዓመት ውስጥ ርካሹ ሆነ ማለት ነው።

አነስተኛው ኤክስቦክስ አላይ፦ መሣሪያው 600። ጨዋታዎቹ ከስቲም በቅናሽ ከተገዙ ድምሩ 720 ይሆናል። ገዢው ግን በኦክቶበር 2025 ወደ 29.99 ዶላር ከፍ ያለውን «ጌም ፓስ አልቲሜት» የተባለውን ወርኃዊ ጥቅል ከገባ፣ ለ36 ወራት 1080 ዶላር ይከፍላል። ድምሩ 1680 ዶላር ነው። በርካታ መቶ ጨዋታዎችን ያገኛል፤ ክፍያውን ባቆመ ቀን ግን ሁሉም ይዘጉበታል።

ፕሌይስቴሽን ፖርታል፦ በቤቱ ፕሌይስቴሽን 5 ላለው ሰው ተጨማሪው ወጪ 200 ዶላር ብቻ ነው። ኮንሶሉ የሌለው ሰው ግን በክላውድ ለመጫወት በዓመት 160 ዶላር የሚያወጣውን የሶኒ ከፍተኛ ጥቅል መግባት አለበት። ለሦስት ዓመት ሲሰላ ድምሩ 680 ዶላር ይሆናል።

ስዊች ላይት፦ በጭማሪው ዋጋ 230 ዶላር። በ30 ዶላር ሂሳብ ስድስት ያገለገሉ ካርዶች 180። ያለ ኢንተርኔት ክፍያ ድምሩ 410 ዶላር ነው።

በአውሮፓ የሚኖሩ ገዢዎች ሲያወዳድሩ አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። ስዊች 2 በብሪታንያ 395.99 ፓውንድ፣ በዩሮ አገሮች 469.99 ዩሮ የተባለው ግብሩ ተካቶበት ነው። የአሜሪካው ዋጋ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች ክፍያው ላይ ግብር ይጨመርበታል።

ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ

መሣሪያው የሚገዛው በአንድ አገር ለሚኖር ሰው ሆኖ የሚጫወትበት ሌላ አገር ሲሆን ስሌቱ እንደገና ይለወጣል። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ?» የሚል ነው።

ሶኒ ፖርታል ቢያንስ በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለተሻለ ጥራት ደግሞ 15 ሜጋቢት የሚደርስ ዋይፋይ እንደሚፈልግ ይገልጻል። በ15 ሜጋቢት አንድ ሰዓት መጫወት ሲሰላ 6.75 ጊጋባይት ይበላል። በ5 ሜጋቢት እንኳ 2.25 ጊጋባይት ነው። የሞባይል ጥቅል እየገዛ ኢንተርኔት ለሚጠቀም የአዲስ አበባ ወይም የባሕር ዳር ወጣት ይህ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋልና ባትሪው ሙሉ ቢሆንም መሣሪያው አይጠቅምም።

ሙሉ ጨዋታውን የያዘ የኒንቴንዶ ካርድ ግን ኢንተርኔት አይጠይቅም። ስቲም ዴክም ከመላኩ በፊት ጨዋታዎቹ ከወረዱበትና ከኢንተርኔት ውጪ እንዲሠራ ከተዘጋጀ ብዙዎቹን ያለ ግንኙነት ያስኬዳል። ስለዚህ ላኪው ጨዋታዎቹን ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርዶና ዝመናዎቹን ጨርሶ ቢልክ፣ ለተቀባዩ ከመሣሪያው የማይተናነስ ስጦታ ጨመረለት ማለት ነው። የመክፈቻ አካውንቱ በየትኛው አገር መመዝገብ እንደሚችልና በምን ዓይነት የክፍያ ካርድ እንደሚገዛበትም አስቀድሞ መታየት አለበት፤ መደብሮቹ ሁሉንም አገሮች አያገለግሉምና።

በጃፓን ያለው ርካሽ ስዊች 2 ብዙዎችን ሊያጓጓ ይችላል። በ2025 ሲወጣ 49,980 የን የነበረው ይህ ሞዴል ግን የሚናገረው ጃፓንኛ ብቻ ነው፤ የሚቀበለውም በጃፓን የተመዘገበ አካውንት ነው። ሌሎች ቋንቋዎችን የሚያውቀው ሞዴል ሲወጣ 69,980 የን ነበር። ልዩነቱ በከንቱ የተቀመጠ አይደለም።

ኤሌክትሪኩን በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ 220 ቮልት፣ አሜሪካ 120 ቮልት ይጠቀማሉ። በቻርጀሩ ላይ «100-240» የሚል ከተጻፈ የሚያስፈልገው የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው። ኃይሉ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቤት ግን በስታቢላይዘር በኩል ማገናኘት ይመከራል። በአውሮፕላን ሲጓዝ ከ100 ዋት-ሰዓት በታች ባትሪ ያለው መሣሪያ ይፈቀዳል፤ እዚህ የተጠቀሱት ሁሉ ከዚያ በታች ናቸው። መሣሪያው በእጅ ሻንጣ ቢያዝ ይመረጣል፤ ፓወር ባንክ ደግሞ በእጅ ሻንጣ እንጂ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ፈጽሞ አይፈቀድም።

ሲበላሽስ?

በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ ቶሎ የሚያረጀው ክፍል በአውራ ጣት የሚገፋው መቆጣጠሪያ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሁለት ክፍሎች እየተፋተጉ የጣቱን አቅጣጫ ይለካሉ፤ ፍትጊያው ሲበዛ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹ በራሱ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይጀምራል። በመጀመሪያው ስዊች ላይ ይህ ችግር እጅግ ከመደጋገሙ የተነሣ፣ ኒንቴንዶ በ2023 በአውሮፓ የዋስትና ጊዜው ያለፈበትን ጨምሮ በነፃ ለመጠገን ተስማምቷል። ሳይነካኩ በማግኔት የሚለኩ መቆጣጠሪያዎች ይህ ድካም የለባቸውም። ሌጂየን ጎ ይጠቀምባቸዋል፤ ኒንቴንዶ በስዊች 2 ላይ አልተጠቀመባቸውም።

ቫልቭ የስቲም ዴክ መለዋወጫዎች «አይፊክስኢት» በተባለው የጥገና ድርጅት በኩል ከነመመሪያቸው እንዲሸጡ አድርጓል። ብሎን መፍታት ለማይፈራ ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው። ያገለገለ መሣሪያ የሚገዛም መቆጣጠሪያዎቹን በሁሉም አቅጣጫ መሞከር፣ ባትሪው በምን ፍጥነት እንደሚወርድ ማየትና የቀድሞው ባለቤት አካውንት መውጣቱን ማረጋገጥ ይኖርበታል።

እንግዲህ የትኛው?

ከአሥር ዓመት በታች ላለ ልጅ የኒንቴንዶ ወገን ይመረጣል። መሣሪያዎቹ ቀላል ናቸው። ወላጅ በስልኩ በሚጭነው ነፃ መተግበሪያ የጨዋታውን ሰዓት መገደብና ልጁ የሚጫወተውን ማየት ይችላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ቤተሰብ ስዊች ላይትን ወይም ያገለገለ ስዊችን ከጥቂት ያገለገሉ ካርዶች ጋር ቢገዛ፣ የልጁ ፍላጎት እስኪታወቅ ድረስ ብዙ አያወጣም። ይሁንና ላይት ከቴሌቪዥን ጋር አይገናኝም፤ ወንድምና እህት አብረው እንዲጫወቱ ለሚፈልግ ቤት ሌላው ይሻላል።

በኮምፒውተር ጨዋታ ላደገ ወጣት ወይም አዋቂ፣ ስቲም ዴክ ከወጪ አንጻር የሚቀድመው የለም። የሚወዳቸው ጨዋታዎች በሊኑክስ ላይ መሥራታቸውን ግን በስቲም መደብር ካለው የብቃት ምልክት አስቀድሞ ማየት አለበት። የእግር ኳሱና የፎርትናይቱ ወዳጅ ወደ ኒንቴንዶ ወይም ወደ ዊንዶውስ መሣሪያ ይሄዳል። የሺህ ዶላሩ መሣሪያ ጥንካሬውን በእርግጥ ለሚጠቀምበት ሰው ብቻ የሚሆን ነው። ፖርታል ደግሞ ፕሌይስቴሽን 5 እና ጥሩ ዋይፋይ ላለበት፣ አንድ ቴሌቪዥን ለሚሻማ ቤት የታሰበ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መሣሪያው ከመመረጡ አስቀድሞ ሦስት ነገሮች በወረቀት ቢጻፉ ይበጃል፦ ተጫዋቹ በእርግጥ የሚፈልጋቸው ሦስት ጨዋታዎች ስም፣ የሚጫወትበት ቦታ የመብራትና የኢንተርኔት ሁኔታ፣ እንዲሁም ቤተሰቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያወጣ የሚችለው ጠቅላላ ገንዘብ። ሦስቱ ከተጻፉ በኋላ ብዙ መሣሪያዎች ራሳቸው ከዝርዝሩ ይወጣሉ። የቀረው አንዱ በማስታወቂያው ላይ አንጸባራቂው ላይሆን ይችላል፤ ከዓመት በኋላም ከመሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ከልጁ እጅ ላይ የሚገኘው ግን እርሱ ነው።